ከመጠምጠም መማር ይቅደም
(ስለ ሩቅ መንገድ መኪና አመራረጥና ስንቅ)

በየዓመቱ ከየክፍሉ ለጥናት ወደ ገጠር የሚወጣው ተማሪ ብዙ ነው። የታሪክ ተማሪው የገዳም መዝገብ ሊያይ፥ የጂኦግራፊ ተማሪው አፈርና ወንዝ ሊለካ፥ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ደግሞ ተረትና ምሳሌ ልንሰበስብ እንሄዳለን። ስለ ጥናቱ ስድስት ወር እንዘጋጃለን፤ ስለሚወስደን መኪና ግን ስድስት ደቂቃ አናስብም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ስለ መኪናው ለማሳሰብ ነው። ጸሐፊዎቹ መካኒኮች አይደለንም፤ ግስ እንጂ ግራሶ የማናውቅ የአርትስ ፋኩልቲ ልጆች ነን። የምናውቀውን ያወቅነው በችግር ነው።

ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር አምስት ሆነን ከሾፌራችን ጋር ወደ ደቡብ ኦሞ ወርደን ነበር። መኪናውን ያከራየን ሰው፥ «ይቺ ፎር ዊል ግድግዳ ትወጣለች» ብሎ ስለ ማለልን፥ እኛም በፖርቶመጋላው ላይ የተደረደሩትን መብራቶች አይተን አመንነው። ቱርሚ አጠገብ ካሉት ደረቅ ወንዞች አንዱን ስንሻገር መኪናዋ አሸዋው መካከል ቆመች። የፊት ጎማዎቹ ንቅንቅ አላሉም፤ የኋለኞቹ ብቻ እየዞሩ ጉድጓድ ቆፈሩ። ሾፌራችን «ልጆች፥ ውረዱ» አለን፤ ወረድን፥ ገፋን፥ አልሆነም።

ጥቂት ቆይተው አንድ ሽማግሌ መጡ። አማርኛ የሚችል ልጅ እያስተረጐመላቸው፥ በስተ ሰሜን ያለውን ተራራ በበትራቸው አመለከቱን። ተራራው ላይ ደመናው ጠቁሯል፤ እኛ ባለንበት ግን ፀሐይ ነበር። «ሰማዩ እዚያ ሲጠቁር ወንዙ እዚህ ይመጣል» አሉን። ወዲያው የመንደሩን ወጣቶች ጠርተው፥ ቅርንጫፍ አስቆርጠው ከጎማው ሥር አስነጠፉና በጉልበት አወጡን። ሲመሽ፥ ዳር ላይ ሆነን ሻይ ስናፈላ፥ የውሃውን ድምፅ ሰማነው። ቆመን የነበረበት ስፍራ ከደረት በላይ ሞላ። ከእኛ መካከል በዚያ ሌሊት የተኛ አልነበረም።

ይህ ለማስፈራራት የተጻፈ አይደለም። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ደቻቱም ቢሆን ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጎርፉ የመጣው በላይ በደጋው ከዘነበው ዝናብ ነው። እንግዲህ በደረቅ ወንዝ ውስጥ የማትንቀሳቀስ መኪና ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይገምት።

ፎር ዊል ማለት ምን ማለት ነው?

ወደ ከተማ ስንመለስ አንድ መካኒክ ነገሩን ገለጠልን። በብዙ አሮጌና ጠንካራ መኪናዎች ላይ የፊት ጎማዎቹ ከሞተሩ ጋር የሚገናኙት ሁለት ነገር ሲደረግ ነው። አንደኛ፥ ከማርሹ አጠገብ ያለው አጭር ዘንግ መሳብ አለበት፤ ሁለተኛ፥ በፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ያሉት ሁለት መቆለፊያዎች በእጅ መዞር አለባቸው። የእኛ መኪና የግራ መቆለፊያ ውስጡ ተሰብሮ ኖሯል። ታዲያ የቀኙ ደህና ሳለ ለምን አልጎተተም? ቢባል፥ ምክንያቱ ዲፈረንሺያል የሚባለው ዕቃ ነው።

መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጡ ይልቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ዲፈረንሺያሉ ሁለቱን ጎማዎች በልዩ ልዩ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል፤ ጥቅሙ ይህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ፥ ኃይሉን የሚሰጠው ለመዞር ለሚቀለው ወገን መሆኑ ነው። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ካረፈ፥ ወይም እንደ እኛ መቆለፊያው ከተሰበረ፥ ኃይሉ ሁሉ በዚያ በኩል ባክኖ ሌላው ይቆማል። ስለዚህ ተራ ፎር ዊል መኪና እንኳ ከፊት አንድ፥ ከኋላ አንድ ጎማ ከተንሸራተተ መቆሙ አይቀርም። ይህን የሚያድነው የዲፈረንሺያል መቆለፊያ ነው፤ ያለው መኪና ከተገኘ ይመረጣል።

መቆለፊያዎቹ መሥራታቸውን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። በደልዳላ ስፍራ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፎ፥ ሞተሩን አጥፍቶ፥ ማርሽ አስገብቶ፥ ፎር ዊሉን ስቦ፥ ሁለቱንም መቆለፊያዎች መዝጋት። ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሥቶ በእጅ ለማዞር መሞከር። እንደ ልብ ከዞረ ከሁለቱ መቆለፊያዎች አንዱ አይሠራም ማለት ነው። ይህ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ አከራዩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ሌላም ማወቅ የሚገባን አለ። እንደዚህ ያለውን መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ መንዳት አይገባም። በመታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት መንገድ እኩል ስላልሆነ ጥርሶቹ ይጨናነቃሉ፤ በመጨረሻም ይሰበራሉ። ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩት ትላልቅ ላንድሮቨሮች ግን በመካከል ሌላ ዲፈረንሺያል ስላላቸው ሁልጊዜ በአራቱም ይጎትታሉ፤ ሾፌሩ ጭቃ ላይ ሲደርስ የመካከሉን መቆለፍ መርሳት የለበትም።

የትኛው መኪና?

ክርክሩ የቆየ ነው። ላንድሮቨር በ1948 (እ.ኤ.አ.) በአምስተርዳም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ፤ ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ብረት ስላጠረ ቦዲው ከአሉሚኒየም ተሠራ። የዚያ ዘር የሆነው አሮጌው ዲፌንደር መሠራቱ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቆሟል። የቶዮታው ላንድክሩዘር ከ1951 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራል፤ በ1984 (እ.ኤ.አ.) የወጣው 70 የሚባለው ዓይነት፥ በተለይም እኛ ሀርድቶፕ የምንለው፥ በገጠራችን የማይደርስበት የለም።

ፈረንጅ አገር ቢሆን ስለ ውበታቸውም እንከራከር ነበር። በእኛ አገር ግን ምርጥ መኪና ማለት ሲሰበር መለዋወጫው ጂንካ ላይ የሚገኝ፥ የመንደር መካኒክም ፈትቶ የሚገጥመው መኪና ነው። በዚህ ሚዛን ሀርድቶፑ ይበልጣል ብለን እናምናለን። ከዚህም በላይ በብዙዎቹ ላይ እያንዳንዳቸው 90 ሊትር የሚይዙ ሁለት የነዳጅ ታንከሮች አሉ፤ ሞተሩም 4.2 ሊትር የሆነው የናፍጣ ሞተር ኮምፒዩተር ስለማይመራው ንጹሕ ያልሆነ ነዳጅ ከአዲሶቹ ይልቅ ይችላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ምርጫው ይበልጡን አገር ውስጥ ካሉት አሮጌዎች መካከል መሆኑም አይዘነጋ።

ዳሩ ግን ይህ ሞተር ነፋስ የሚያስገባለት ተርቦ የለውም። እንዲህ ያለ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ አንድ ያህል ኃይል ያጣል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ሆነች፥ ገና ስንነሣ ሩቡ ኃይል የለም ማለት ነው። እንግዲያው ዳገት ላይ ቢያቃስት ታመመ አይባልም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ፥ ለምሳሌ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ስንወርድ፥ በፍሬን ብቻ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። በከባድ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ማድረግ ነው። ሾፌሩ ማርሹን ነጻ አድርጎ ነዳጅ ልቆጥብ ቢል በአክብሮት፥ ነገር ግን በጽኑ፥ «ጋሼ፥ ይቅርብን» ማለት ይገባል።

ሚዛን የማያውቅ ጭነት

ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ጭነት ላይ ነው። እስኪ አብረን እንደምር። ስድስት ሰው በ65 ኪሎ 390 ይሆናል። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 6 ሊትር ቢታሰብ፥ ለአራት ቀን 144 ሊትር ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለ ሆነ 144 ኪሎ። ምግብና ምድጃ 50፤ የስድስት ሰው ሻንጣ 72፤ ድንኳን 30፤ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ 35፤ መፍቻና የማውጫ ዕቃ 50። እስካሁን 771 ኪሎ ሆነ። በዚህ ላይ 180 ሊትር ናፍጣ 150 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ጠቅላላው 920 ገደማ ይደርሳል። ብዙዎቹ የከተማ ፎር ዊሎች ከነተሳፋሪያቸው እንዲሸከሙ የተሠሩት ከ500 እስከ 700 ኪሎ ነው። የተፈቀደው ክብደት በመኪናው ላይ በተለጠፈ ሰሌዳ ተጽፎ ይገኛል፤ ይነበብ። ካልበቃ መቀነስ ያለበት ውሃው ሳይሆን ሰው ወይም ሻንጣ ነው።

ውሃና ነዳጅ ከታች፥ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ይጫኑ። ፖርቶመጋላው ላይ ፍራሽና ድንኳን ይበቃል፤ ከባድ ነገር ከላይ ከሆነ መኪናው በመታጠፊያ ይገለበጣል። ነዳጅ ሲሰላም በአስፋልቱ ልክ አይሁን። በአሸዋና በኮረኮንች እንዲህ ያለው መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ከማደያ እስከ ማደያ 400 ኪሎ ሜትር ቢሆን 80 ሊትር፥ በላዩም ሲሶ መጠባበቂያ ቢጨመር 107 ሊትር ያስፈልጋል።

ጎማ፥ አሸዋና ውሃ

አሸዋ ላይ የሚያድነው ጉልበት ሳይሆን ለስላሳ ጎማ ነው። በመንገድ ላይ 3 ባር ገደማ የነበረውን ወደ 1.2 ባር ቢያወርዱት ጎማው ተዘርግቶ መሬቱን በሰፊው ይረግጣል፤ አይሰምጥም። እንዲህ ሲደረግ ግን ቀስ ብሎ መንዳት፥ አስፋልት ከመድረስም በፊት መልሶ መንፋት ግዴታ ነው፤ አለዚያ ጎማው ግሎ ይፈነዳል። ስለዚህ መለኪያና በባትሪ የሚሠራ መንፊያ ከመብራቱ ሁሉ ይቅደሙ። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ከሆነ በየመንደሩ ያለ ጎሚስታ ይጠግነዋል።

ወንዝ ሲደርሱ አስቀድሞ ሰው በእግሩ ይሻገር፤ ሰው ሊሻገረው ያልቻለውን መኪናም አይሻገረውም። የናፍጣ ሞተር ውሃ ከጠጣ ነገሩ አበቃ፤ አየር ይታመቃል፥ ውሃ ግን አይታመቅምና ብረቱን ያጣምመዋል። በመስኮቱ ጎን ወደ ላይ የሚቆመው የአየር ቧንቧ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ከአቧራም ላይ ንጹሕ አየር ይስባል። እንዲያም ሆኖ የአየር ማጣሪያው በአቧራ አገር ማታ ማታ ተፈትቶ መራገፍ አለበት።

በገመድ ሲሳሳቡ ተጎታቹን ተሳቢ ከሚያያዝበት ክብ ራስ ላይ አያሥሩ፤ ተሰብሮ ሲወረወር ሰው ገድሏል። ገመዱ ከሻሲው ጋር በተበየደው መንጠቆ ይታሠር፤ ሰውም ሁሉ ይራቅ። አካፋ፥ ሁለት ጠንካራ ጣውላ፥ ጥሩ ክሪክ፥ ትርፍ ቺንጊያ፥ ዘይትና የመድኃኒት ሣጥን ካሉ ብዙው ተሟላ ማለት ነው።

ማኅበራችን ምን ያድርግ?

በ1955 (እ.ኤ.አ.) መስከረም 1 ቀን ስድስት የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎች በሁለት ላንድሮቨር ከለንደን ተነሥተው፥ መጋቢት 6 ቀን 1956 (እ.ኤ.አ.) ሲንጋፖር ደርሰዋል። የተሳካላቸው መኪናው ጥሩ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። ሥራቸውን ተከፋፍለው ነበር፤ አንዱ መካኒክ፥ አንዱ የስንቅ ኃላፊ፥ አንዱ መንገድ መሪ፥ አንዱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ነበር። እኛ ግን አምስታችንም ተረት ሰብሳቢዎች ነበርን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፥ የተማሪዎች ማኅበራችን አካፋ፥ ጣውላ፥ ገመድ፥ መንፊያና መለኪያ ያለበት አንድ የጋራ ሣጥን ገዝቶ ለሚወጣው ቡድን ሁሉ በየተራ ያውስ። ዋጋው ለአንድ ቀን የመኪና ኪራይ ከምንከፍለው ብዙ አይርቅም። ሁለተኛ፥ ማንኛውም ቡድን የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት የመቆለፊያውን ፈተና ያድርግ፤ በሚሄድበትም አገር ወንዙን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ።

እኛን ያዳነን መኪናውም፥ መብራቱም፥ ትምህርታችንም አልነበረም፤ ደመና ማንበብ የሚያውቁ አንድ አባት ናቸው። ተረት ልንሰበስብ ሄደን የሰበሰብነው ትልቁ ቃል፥ «ሰማዩ እዚያ ሲጠቁር ወንዙ እዚህ ይመጣል» የሚለው ነው። ለምትወጡት ወንድሞችና እኅቶች ሁሉ መልካም መንገድ እንመኛለን።