መስመር ሲቋረጥ የማይቆም ቢሮ፦ ክፍት ምንጭ ራውተርና ፋየርዎል ለአነስተኛ ድርጅቶች

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022) ዓርብ ሊነጋጋ ሲል፣ የካናዳው ሮጀርስ ኩባንያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ያለ ግንኙነት ቀሩ። ኢንተራክ የተባለው የዴቢት ካርድ ክፍያ ሥርዓትም አብሮ ቆመ። በቶሮንቶ የሱቆች በር ላይ «ጥሬ ገንዘብ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ ወደ ድንገተኛ አደጋ መሥመር 911 መደወል ያቃታቸው ሰዎችም ነበሩ። አገልግሎቱ እስኪመለስ አንድ ሙሉ ቀን አልፎ ነበር።

መንስኤው የሳይበር ጥቃት አልነበረም። የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያስጠናውና ዋና ዋና ግኝቶቹ በ2024 ይፋ የሆኑት ጥናት እንዳመለከተው፣ የኩባንያው ሠራተኞች ኔትወርኩን በማሻሻል ላይ ሳሉ ከአከፋፋይ ራውተር ላይ አንድ ማጣሪያ አነሡ። ማጣሪያው ሲነሣ ከመጠን በላይ የሆነ የአቅጣጫ መረጃ ወደ ማዕከላዊ ራውተሮች ጎረፈ፤ እነርሱም መሸከም አቅቷቸው በደቂቃዎች ውስጥ ወደቁ። የባሰው ነገር፣ መሐንዲሶቹ ብልሽቱን ለማየት የሚገቡበት መስመር ራሱ በወደቀው ኔትወርክ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነበር። ቁልፉ ቤት ውስጥ ተረስቶ በሩ እንደተዘጋ ያህል ነው።

ፍሌሚንግደን ፓርክ በቶሮንቶ ከተማ፣ ከዶን ሚልስና ከኤግሊንተን ጎዳናዎች መገናኛ አጠገብ፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በዕቅድ የተሠራ የረጃጅም አፓርታማዎች ሠፈር ነው። ለአሥርት ዓመታት ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ስደተኞች ኑሯቸውን የጀመሩበት ስፍራ ሆኖ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ሠፈር የሚገኙ ድርጅቶች በአብዛኛው አነስተኛ ናቸው፦ ፋርማሲ፣ የጥርስ ክሊኒክ፣ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ሱቅ፣ ግብር የሚያሰላ ቢሮ። የራሳቸው የኔትወርክ መሐንዲስ የላቸውም። ከዓለም ጋር የሚያገናኛቸው የኢንተርኔት አቅራቢው የሰጣቸው አንድ ትንሽ ሣጥን ነው፤ በውስጡ ምን እንዳለ፣ ማን እንደሚያዝዘው፣ መቼ እንደታደሰ አብዛኞቹ አያውቁም።

ይህን ሣጥን በራስ ቁጥጥር ሥር ማድረግ ቀድሞ የባንኮችና የትልልቅ ኩባንያዎች ዕድል ነበር። ዛሬ ግን ምንጭ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑና የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅባቸው የራውተርና የፋየርዎል ሶፍትዌሮች ይህን ለአነስተኛ ድርጅትም አስችለዋል። ጥያቄው ሶፍትዌሩ ይሠራል ወይ የሚለው አይደለም፤ መሥራቱ ከተረጋገጠ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ጥያቄው ከተተከለ በኋላ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ነው።

በር ጠባቂውና መንገድ መሪው

ለምሳሌ በፍሌሚንግደን ፓርክ ስድስት ሠራተኞች ያሉት አንድ የግብር ቢሮ አለ እንበል። ስድስት ኮምፒውተሮች፣ አንድ ማተሚያ፣ የካርድ መክፈያ መሣሪያ፣ ሁለት የጥበቃ ካሜራዎች፣ ለተገልጋዮች የሚሰጥ ዋይፋይ አለው። በተለመደው አሠራር እነዚህ ሁሉ በአንድ ኔትወርክ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ማለት ተራ ሲጠብቅ ስልኩን ከዋይፋዩ ያገናኘ እንግዳ የደንበኞች የግብር ሰነድ ካለበት ኮምፒውተር ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ ይቆጠራል። ርካሽ ካሜራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁሉም በፊት የሚሰበር በር ነው።

የራውተር ሥራ መንገድ መምራት ነው፤ እያንዳንዱ የመረጃ እሽግ ወዴት መሄድ እንዳለበት ይወስናል። የፋየርዎል ሥራ ደግሞ በር መጠበቅ ነው። ዘመናዊ ፋየርዎል ከውስጥ የወጣውን ጥያቄ ሁሉ በመዝገብ ይይዛል። ከውጭ የሚመጣ እሽግ ቀድሞ ለተላከ ጥያቄ መልስ ከሆነ ያልፋል፤ ማንም ሳይጠራው የመጣ ከሆነ ግን በሩ ላይ ይቀራል። አንድ ተጨማሪ ሥራም አለው፦ አንዱን ቢሮ እንደ ብዙ ክፍሎች መከፋፈል። በአንድ ስዊችና በአንድ ኬብል ላይ የሠራተኞች፣ የካርድ መክፈያው፣ የካሜራዎቹና የእንግዶች ኔትወርክ ተለይተው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ደንቡ የፈቀደለት ብቻ ይሆናል። ካሜራው ወደ መቅረጫው ይልካል እንጂ የሒሳብ ሹሙን ኮምፒውተር አያይም።

ጉዳዩ የሕግ ጎንም አለው። በካናዳ ከኖቬምበር 1 ቀን 2018 ጀምሮ የግል ድርጅቶች የደንበኞቻቸው መረጃ ሲሾልክና ብርቱ ጉዳት የማድረስ ሥጋት ሲኖረው ለተቆጣጣሪው አካልና ለተጎጂዎቹ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ድርጅቱ ትንሽ ነው ተብሎ የሚቀርለት ነገር የለም። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች።

ከካልጋሪና ከቶሮንቶ የተነሣ ሥራ

በዚህ መስክ ስማቸው አዘውትሮ የሚነሣው ፒኤፍሴንስ እና ኦፒኤንሴንስ ናቸው። የሁለቱም መነሻ ስዊዘርላንዳዊው ማኑኤል ካስፐር በ2003 ያቀረበው ሞኖዎል የተባለ አነስተኛ ፋየርዎል ነው። ፒኤፍሴንስ በ2004 ከእርሱ ተገንጥሎ ወጣ፤ ኦፒኤንሴንስ ደግሞ በ2015 በኔዘርላንድስ ኩባንያ ደጋፊነት ከፒኤፍሴንስ ተለየ። በዚያው ዓመት ካስፐር የራሱን ሥራ ሲዘጋ ተጠቃሚዎቹ ወደ ኦፒኤንሴንስ እንዲሄዱ መከረ። እንዲህ ያለ ውርስ የሚቻለው ኮዱ ክፍት በመሆኑ ነው፤ ሠሪው ቢተወው ሌላው ያነሣዋል። በትንንሽ የዋይፋይ ሣጥኖች ላይ የሚጫነው ኦፕንደብሊውአርቲ ደግሞ የተወለደው ሊንክሲስ የተባለው አምራች የራውተሩን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ከለቀቀ በኋላ፣ በ2004 ነው።

በፒኤፍሴንስና በኦፒኤንሴንስ ውስጥ በሩን የሚጠብቀው ሞተር «ፒኤፍ» ይባላል። መጀመሪያ የተጻፈው በ2001፣ ማዕከሉ በካናዳዋ ካልጋሪ ለሆነው ኦፕንቢኤስዲ ነበር። የቶሮንቶ ድርሻ ግን ብዙም አይወራለትም። በ1990ዎቹ የአሜሪካ ሕግ ጠንካራ የምስጠራ ሶፍትዌርን ወደ ውጭ መላክ ይገድብ ነበር። በዚህ ምክንያት ጆን ጊልሞር የተባለው አሜሪካዊ በ1996 ያስጀመረው ፍሪስዋን የተሰኘ ፕሮጀክት ኮዱን ያስጻፈው ከአሜሪካ ውጭ ነው፤ ከዋና ጸሐፊዎቹ መካከል የቶሮንቶዎቹ ሄንሪ ስፔንሰርና ሂዩ ሬደልማየር ይገኙበታል። ፕሮጀክቱ ሕጋዊ ጣጣን በመፍራት ከአሜሪካውያን ኮድ አይቀበልም ነበር። ፍሪስዋን በ2004 ቢቆምም ልጆቹ ቀርተዋል፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ስትሮንግስዋን፣ ኮዱ በብዛት እንደ አዲስ ተጽፎ፣ ዛሬ በእነዚህ ፋየርዎሎች ውስጥ ቅርንጫፍን ከዋና መሥሪያ ቤት የሚያገናኘውን አይፒሴክ የተባለ የተመሰጠረ መስመር ይዘረጋል።

ኮዱን ማንም ማንበብ ከቻለ ሌባውስ አያነበውም ወይ? ያነበዋል። ይሁንና ኮዱ የተዘጋም ቢሆን ከጥቃት አላመለጠም፤ በኦክቶበር 2023 በሲስኮ ራውተሮች የማስተዳደሪያ ገጽ ላይ በተገኘ ቀዳዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎች ተጠቅተዋል። ክፍቱም እንከን አልባ አይደለም። ፒኤፍሴንስ በፌብሯሪ 2021 ዋየርጋርድ የተባለውን አዲስ ቪፒኤን ጨምሮ ወጣ። የዋየርጋርድ ፈጣሪ ጄሰን ዶነንፌልድ ግን ለሥርዓቱ እምብርት የተጻፈውን ኮድ መርምሮ ብዙ ስሕተት አገኘበት፤ በማርች ወር ከፍሪቢኤስዲ፣ ቀጥሎም ከፒኤፍሴንስ ወጣ። ይህን ለክፍት ምንጭ እንደ ኀፍረት የሚቆጥሩ አሉ። ነገር ግን ስሕተቱን ያየው ኮዱን ማንበብ የተፈቀደለት የውጭ ሰው መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ቢሆን ኖሮ ማን ያየው ነበር?

ሁለት መስመር፣ አንድ ሣጥን

የሐምሌው መቋረጥ ለአነስተኛ ድርጅቶች ያስተማረው ነገር አንድ ነው ቢባል፣ መስመር ሁለት ይሁን የሚለው ነው። ክፍት ምንጭ ራውተሮች ይህን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠሩታል። አንዱ በር የኬብል ኢንተርኔት፣ ሁለተኛው የሌላ ኩባንያ የሞባይል ሞደም ሊሆን ይችላል። ራውተሩ በየሰከንዱ ሩቅ ወዳለ አድራሻ አጭር መልእክት እየላከ መልሱን ይጠብቃል፤ መልስ ሲያጣ ሥራውን ወደ ሁለተኛው መስመር ያዞራል። በዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ሁለቱም መስመሮች በስም ቢለያዩም ከአንድ ኩባንያ ከሆኑ አብረው መውደቃቸው ነው። ሁለተኛው ረቂቅ ነው፦ ራውተሩ የሚጠይቀው አድራሻ በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ያለ የአቅራቢው መሣሪያ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዓለም ቢጠፋም መሣሪያው «አለሁ» ማለቱን ስለሚቀጥል ራውተሩ ይታለላል። ስለዚህ የሚጠየቀው ከአቅራቢው ኔትወርክ ውጭ ያለ አድራሻ መሆን አለበት።

በኢትዮጵያ ይህ አሠራር ትርጉም ያገኘው በቅርቡ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 አገልግሎቱን እስኪጀምር ድረስ መስመሩ ሁሉ የኢትዮ ቴሌኮም ስለነበር «ሁለተኛ አቅራቢ» የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ ባሕር ዳር የሆነ ነጋዴ በሁለቱ ኩባንያዎች መስመር ሥራውን ማስቀጠል ይችላል። የሞባይል መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ሊደወልበት የሚችል የራሱ ቋሚ አድራሻ የለውም። ዋየርጋርድን የመሰለ ቪፒኤን ግን ቋሚ አድራሻ ከአንደኛው ወገን ብቻ ቢኖር ይበቃዋል፦ ባሕር ዳር ያለው ሣጥን ራሱ ወደ አዲስ አበባ ይደውላል፤ በየጥቂት ሰከንዱም ትንሽ ምልክት እየላከ መስመሩን ክፍት ያደርጋል።

የወጪውም ነገር ቀላል አይደለም። የታወቁ የንግድ ፋየርዎሎች መሣሪያቸው ከተገዛ በኋላም በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ የአገልግሎት ክፍያ አላቸው። ጁላይ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ይል የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። በብር ለሚያተርፍ ድርጅት ያው ፈቃድ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው፤ ያውም የውጭ ምንዛሪው ከተገኘ። ክፍት ምንጩ ሶፍትዌር ግን ከመጋዘን በወጣ፣ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ባለው መደበኛ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሲጫን ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት መምረጥ ይበጃል፤ ድንገት ሲጠፋ ከቀድሞው ሥርዓት ይልቅ ፋይሎቹ እንዳይበላሹ ይጠብቃል።

ሶፍትዌሩ ነጻ ነው ማለት ግን ሥራው ነጻ ነው ማለት አይደለም። በዳያስፖራም ሆነ በአገር ቤት የተለመደው ታሪክ፣ ሙያውን የሚያውቅ የዘመድ ልጅ በአንድ የእረፍት ቀን መጥቶ ይተክለዋል፤ ሁሉም ያመሰግነዋል፤ ከዓመት በኋላ ልጁ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ያልታደሰ ክፍት ምንጭ ፋየርዎል ደግሞ ካልታደሰ የንግድ ፋየርዎል አይሻልም። ሁለቱ ሶፍትዌሮች ሲጫኑ ይዘውት የሚመጡት የይለፍ ቃል በመመሪያቸው ላይ ለማንም የተጻፈ በመሆኑ፣ ሳይቀየር ቀርቶ የማስተዳደሪያው ገጽ ለኢንተርኔት ከተጋለጠ ሌባው መስበር እንኳ አያስፈልገውም። ሰው ከሌለ፣ ከሶፍትዌሩ አዘጋጆች ወይም ከአካባቢ ባለሙያ የድጋፍ አገልግሎት መግዛት ይቻላል፤ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ እንደ ብክነት ሊታይ አይገባም።

ለዚያ ባለ ስድስት ሠራተኛ የግብር ቢሮ ይህ በተግባር ሲታይ ብዙ አይደለም። የፋየርዎሉ ደንቦች በሙሉ በአንድ ፋይል ስለሚቀመጡ ያ ፋይል ተቀድቶ ከቢሮው ውጭ ይቀመጣል። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ከባለቤቱ ዘንድ ይሆናል። ማሻሻያ ሲወጣ የሚጭን ሰው በስም ይታወቃል፤ መስመር በጠፋ ጊዜ ወደ ሣጥኑ የሚገባበት ኬብልም መሳቢያ ውስጥ ይኖራል። ከሦስት ወር አንድ ጊዜ ደግሞ ቅዳሜ ማታ፣ የመጨረሻው ተገልጋይ ከወጣ በኋላ፣ የዋናው መስመር ኬብል ሆን ተብሎ ይነቀላል፤ የካርድ መክፈያው በሁለተኛው መስመር አንድ ዶላር ማስከፈል መቻሉም ይታያል።