ተቆራርጦ የተቀጠለው ዘፈን፡ የ«ጉድ ቫይብሬሽንስ» አሠራር

አንድ ዘፈን ለመቅረጽ ስንት ቀን ይበቃል? ቢትልሶች እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963 ለመጀመሪያ አልበማቸው 10 ዘፈን በአንድ ቀን ቀርጸው ወጥተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ቢች ቦይስ የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ ሦስት ደቂቃ ተኩል ለሚሆን አንድ ዘፈን ሰባት ወር ፈጀ። ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሲሠሩ ነበር? በዚህ ጽሁፍ ይህንኑ ለማብራራት እሞክራለሁ።

የባንዱ ዜማ ደራሲ ብራያን ዊልሰን ሥራው ሲጀመር ገና 23 ዓመቱ ነበር። ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ ከባንዱ ጋር እየተዘዋወረ መጫወት አቁሟል። ሌሎቹ መድረክ ላይ ሲሆኑ እሱ ስቱዲዮ ገብቶ እንደ ድራመሩ ሃል ብሌን ካሉ ቅጥር ሙዚቀኞች ጋር ይሠራል። ስለዚህ ጊዜም ባለሙያም ነበረው ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ የተለመደው አሠራር ሙዚቀኞቹ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ላይ መጫወት ነው። ካልሆነ እንደገና ይጫወቱታል፣ በቃ። ዊልሰን ግን ግጥሙን፣ አዝማቹንና መሸጋገሪያውን ለየብቻ፣ በተለያየ ቀንና በተለያየ ስቱዲዮ ቀረጸ። ከፌብሩዋሪ እስከ ሴፕቴምበር 1966 በሎስ አንጀለስ አራት ስቱዲዮዎች ተሠርቷል። ይህ ቅንጦት ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ድምፅ አለው። ለምሳሌ ጎልድ ስታር በማስተጋቢያ ክፍሉ የታወቀ ነበር። ከ90 ሰዓት በላይ ቴፕ እንደተቀዳ ይነገራል።

ከዚያ የተመረጡት ክፍሎች በምላጭ ተቆርጠው ይጣበቃሉ። እዚህ ላይ ችግር አለ። ፍጥነታቸውና የድምፅ ከፍታቸው ካልተስማማ መቀጠያው ይሰማል። ዊልሰን ይህን ለመደበቅ ብዙም አልተጨነቀም፤ እንዲያውም ተጠቀመበት። ሞቅ ካለው አዝማች በኋላ ዘፈኑ ድንገት ቀዝቀዝ ይልና ኦርጋን ብቻ የቀረ ይመስላል። አድማጩ ከአንድ ክፍል ወጥቶ ሌላ ክፍል የገባ ያህል ይሰማዋል።

አዝማቹን ብቻ እንኳን ብንወስድ ብዙ ነገር አለው። ቼሎው እያንዳንዱን ምት ለሦስት ከፍሎ ይገዘግዛል። ዜማው በየዙሩ አንድ ሙሉ ቶን ከፍ እያለ ከጂ ፍላት ወደ ኤ ፍላት፣ ከዚያም ወደ ቢ ፍላት ይወጣል። ከላይ የሚያፏጨው ድምፅ ደግሞ የትሮምቦን ተጫዋቹ ፖል ታነር የሚጫወተው ኤሌክትሮ ቴረሚን ነው። ቴረሚን እጅ ሳይነካው የሚጫወቱት መሣሪያ ሲሆን፣ የታነሩ ግን በሚንሸራተት መያዣ ስለሚሠራ ኖታውን በትክክል ለማግኘት ይቀላል።

ዘፈኑ ኦክቶበር 10 ቀን 1966 ወጣ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ሆነ። ዊልሰንም በዚሁ ዘዴ «ስማይል» የተባለ ሙሉ አልበም ሊሠራ ተነሳ። ቁርጥራጩ ተከማቸ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀጠል ግን ሳይወሰን ቀረ። የጤናው መታወክና በባንዱ ውስጥ የነበረው አለመግባባትም ተጨመረበትና በ1967 ሥራው ተቋረጠ። ዊልሰን ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር እንደገና ሠርቶ ያወጣው በ2004 ነው፤ ከ37 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እሱም በ2025 አርፏል።

እንግዲህ ያው ዘዴ አንዱን ሥራ አቆመ፣ ሌላውን በተነ። ለምን? እንደ እኔ አስተያየት «ጉድ ቫይብሬሽንስ» የቱንም ያህል ቢቆራረጥ ግጥምና አዝማች የሚፈራረቁበት አጥንት ነበረው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ የት እንደሚገባ ጆሮ ያውቃል። አልበሙ ግን እንዲህ ያለ አጥንት አላገኘም።

ዛሬ እኛ ምላጭ አያስፈልገንም፤ በኮምፒውተር መቁረጥና መቀጠል የደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ ቁርጥራጭ ማከማቸት ከመቼውም ይልቅ ቀሏል። ከባዱ ነገር ግን ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ ከመቁረጥ በፊት ሙሉውን መስማት።