የካርታ ኪራይና የነጋዴው ሒሳብ

ደንበኛ በቀላሉ እንዲያገኛቸው በድረ ገጻቸው ላይ ካርታ የሚያኖሩ የንግድ ቤቶች ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ካርታው አብዛኛውን ጊዜ የኪራይ ዕቃ እንጂ የራሳቸው ንብረት አይደለም።

ይህም በ2010 ዓ.ም. በጉልህ ታይቷል። ጉግል ቀድሞ ካርታውን በቀን እስከ 25,000 ጊዜ በነፃ ያሳይ ነበር፤ ለትርፉም በየሺሁ ግማሽ የአሜሪካ ዶላር ያስከፍል ነበር። ከሐምሌ 9 ቀን ጀምሮ ግን የሺው ዋጋ 7 ዶላር ሆነ፤ ነፃው ድርሻም በወር በ200 ዶላር ተወሰነ። ስለዚህ ካርታው በወር 100,000 ጊዜ የሚታይለት ንግድ ቤት፣ ምንም ሳይከፍል ኖሮ በድንገት የ500 ዶላር ወርኃዊ ዕዳ መጣበት።

ብዙ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪዎችም ስቲቭ ኮስት በ1996 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ወደ መሠረተው፣ በጎ ፈቃደኞች ወደሚሠሩት ኦፕን ስትሪት ማፕ ፊታቸውን አዞሩ። የዚህ ካርታ መረጃ ምንጩን ለሚጠቅስ ሁሉ በነፃ ይሰጣል፤ ዳሩ ግን ካርታውን ለተመልካች የሚያደርሰው ሰርቨር የራሱ ወጪ አለው።

እንግዲህ ድረ ገጽ የሚያሠራ ነጋዴ፣ ካርታው የማን እንደ ሆነ፣ ዋጋው ቢጨምር ማን እንደሚከፍል፣ ወደ ሌላ ለመዛወርም ምን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ በውሉ ላይ ማስፈር ይገባዋል።