«አይድከሙ፣ ይቀመጡ»

የአባት እጅ መንቀጥቀጥ፣ እርምጃቸው መንቀርፈፍ ሲጀምር በፃግብጂም ሆነ በሰቆጣ ልጆች «እኛ እያለን ምን ቆርጧቸው!» ይላሉ። አንዱ ከብቱን ይመልሳል፣ አንዷ ውሃ ትቀዳለች፤ እሳቸው ደጅ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ነገሩ ከፍቅር የመነጨ ነው። ሕመሙ ፓርኪንሰን ከሆነ ግን መቀመጡ ይጎዳቸዋል።

ፓርኪንሰን ልክፍት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ጽፎ ያሳወቀው የአንጎል ሕመም ነው። ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ እጅና እግር እንደ ልብ አልታዘዝ ይላሉ። ሰውየው ሰነፉ የሚባለውም በዚህ ነው፤ ሐሜቱ ያሳዝነኛል።

«ልፋት የቀረችውን ጉልበት ይጨርሳል» የሚለው እምነት ከሁሉም ሥር የሰደደ ነው። በኔዘርላንድ 130 ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው ስድስት ወር ተጠኑ። ገሚሶቹ እቤታቸው በቆመ ብስክሌት በሳምንት ሦስት ቀን ላብ እስኪያወጣቸው ፔዳል መቱ፤ ሌሎቹ ሰውነታቸውን ማፍታታት ብቻ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ ሲወጣ፣ መድኃኒት ሳይወስዱ በተመዘኑበት ሰዓት የባለ ብስክሌቶቹ ሕመም እንደ ሌሎቹ አልባሰም ነበር። ከመካከላቸው የተወሰኑት በኤምአርአይ ሲታዩ ደግሞ ሕመሙ እምብዛም ያልደረሰበት የአንጎላቸው ክፍል እንቅስቃሴን ከሚያዝዘው ክፍል ጋር ያለው ግንኙነት ጠንክሮ ተገኘ። የአንጎላቸው መሟሸሽም ቀንሷል። የሞቱት ሕዋሳት ተነሡ ማለት አይደለም፤ አንጎል ሌላ መንገድ እያበጀ ነው።

«ዕድሜ ልካችንን ዳገት ወጥተን ወርደናል፣ ይበቃል» የሚሉም አሉ። የድሮ ልፋት ግን ለዛሬ ስንቅ አይሆንም። ባለ ብስክሌቶቹን የጠቀማቸው ታመው ሳለ፣ ልባቸው ቶሎ ቶሎ እስኪመታ በየሳምንቱ የሠሩት ነው።

የእግር መያዝ ነገርም አለ። ሕመምተኛው በተለይ ጠባብ በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ይይዘዋል፤ ያኔ መጎተት ይጥላቸዋል። ይልቅ እንደ ከበሮ ምት አስተካክሎ ማጨብጨብ፣ ወይም ከፊታቸው በትር አጋድሞ «ይሻገሩት» ማለት ብዙዎችን ያስኬዳል። ማኅሌት ላይ በመቋሚያ ሲዘምሙ ለኖሩ አባት ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንም፤ ምቱ በራሱ እግርን ይጠራል።

እንቅስቃሴው መድኃኒትን አይተካም። ሌቮዶፓ የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ቢንቀሳቀሱ ይቀላቸዋል። ልብን የሚያስሮጥ ልፋት ከመጀመር በፊት ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ መታየት ይገባል፤ ከተቀመጡበት ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነም ይንገሩ። መጀመሪያ ገደል የሌለበት ሜዳ ይመረጥ። ያ «ይቀመጡ» ሲል የነበረው ልጅም ከጎናቸው ሆኖ፣ እያጨበጨበ አብሯቸው ይራመድ።