የተጀመረ መጽሐፍ ዕዳ ነው?

ሳዑዲ ውስጥ ራውዳ በሚባለው ሰፈር ባለችው ክፍሌ፣ ከአልጋው ራስጌ አንድ ወፍራም ልቦለድ ተቀምጧል። ገጽ 83 ላይ የሱቅ ደረሰኝ ሰክቼበታለሁ። የደረሰኙ ጽሑፍ በሙቀት ደብዝዞ ሊነበብ አይችልም፤ ይህን ያህል ቆይቷል። መጽሐፉን ባየሁ ቁጥር አበዳሪውን መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ፊቴን አዞራለሁ። አርብ አርብ ከወገን ጋር ስንጫወት እንደሰማሁት ደግሞ፣ እንዲህ የሚያደርገው እኔ ብቻ አይደለሁም።

«የጀመሩትን ሳይጨርሱ መተው ነውር ነው» ይባላል። ብዙዎቻችን ንባብን ያወቅነው ከጸሎት ጋር ነው። የዳዊት 150 መዝሙራት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍለው ይደገማሉ። ቁርኣን 30 ጁዝ (ክፍል) ነው፤ በረመዳን በየቀኑ አንድ ጁዝ የቀራ በወሩ መጨረሻ ያኸትማል፣ ማኽተምም ደስታ ነው። እዚያ መጨረስ የአምልኮው አካል ነው። ልቦለድ ግን ስለት አይደለም፤ አንባቢን ይዞ ማቆየት የደራሲው ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ዳንኤል ፔናክ እ.ኤ.አ. በ1992 የአንባቢን 10 መብቶች ሲዘረዝር አለመጨረስን ሦስተኛ ላይ አስቀምጦታል።

«ገንዘብ ወጥቶበታል» የሚለውስ? እዚህ ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉ ከአገር ቤት የመጣው ከሻንጣው ሽሮና በርበሬ ተቀንሶለት ነው። ነገር ግን ብሩ ወጥቷል፣ በርበሬውም ቀርቷል። መጽሐፉን በግድ መጨረስ ሁለቱንም አይመልስም፤ ጊዜን ይጨምርበታል እንጂ። ጊዜ ደግሞ ውድ ነው፣ በተለይ በሰው ቤት ለሚሠራ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት ይል ነበር። እሱ እንኳ ሳይሸራረፍ ቢገኝ፣ እንቅልፉ፣ ልብስ ማጠቡና ወደ አገር ቤት መደወሉ ሲቀነስ ለመጽሐፍ የምትተርፈው ግማሽ ሰዓት ብትሆን ነው። እሷን ለማይጥም ምዕራፍ መስጠት ለእኔ ብክነት ነው።

«ሕሊናዬ የሚቆጠቁጠኝ ስላጠፋሁ ነው» የሚሉም አሉ። ብሉማ ዘይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች ከጨረሱት ሥራ ይልቅ የተቋረጠባቸውን አብልጠው እንደሚያስታውሱ አሳይታለች። ከእሷ በኋላ ከሞከሩት መካከል ያንኑ ውጤት ያላገኙም አሉ። ቢሆንም ነገሩ ከኃጢአት ይልቅ ለትዝታ የቀረበ ይመስለኛል።

«ያልጨረሰ አላነበበም» የሚለው ግን ከሁሉ ያናድደኛል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል። ግማሹን ከጎረቤት ሬዲዮ፣ ግማሹን ከሰው አፍ የሰማ ሁሉ ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ ስለ በዛብህ ሲከራከር «ስንተኛው ገጽ ላይ ቆምክ?» ብሎ የጠየቀው የለም።

በተቃራኒው «ካልጣመህ ቶሎ ዝጋው» የሚለውም አዲስ ተረት እየሆነ ነው። አሜሪካዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል ለአንድ መጽሐፍ 50 ገጽ ስጡት ትላለች፤ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ደግሞ ዕድሜያቸውን ከ100 ቀንሰው ቀሪውን ያህል ገጽ ያንብቡ። ደህና መለኪያ ነው፣ ግን መለኪያ ብቻ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። እዚያው የዘጋው ሰው የበዛብህን ፍቅረኛ ሰብለ ወንጌልን ሳያውቃት ይቀራል።

ደረሰኙን ትናንት አወጣሁት። እናንተም ራስጌያችሁ ላይ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካለ፣ በሚቀጥለው አርብ ይዛችሁ ውጡና ለሚፈልገው ስጡ፤ በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም።