ባቡር ለማን ይቆማል?

በሂርና ገበያ መካከል ቆሞ «የባቡር ጣቢያው በየት በኩል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ ልጆች ይስቁበታል። ባቡር የቆላ ነገር ነው። ሂርና ደግሞ በጨርጨር ተራሮች መካከል፥ ቡናና ጫት በሚበቅልበት ወይና ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሆኖም አንባቢ ሆይ፥ ካርታ ዘርግተው ቢመለከቱ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ሐዲድ ከድሬዳዋ ተነሥቶ እስከ አዋሽ ድረስ የዚህኑ ተራራ ግርጌ እየታከከ ሲሄድ ያገኙታል። ከመቶ ዓመት በላይ በበታቻችን አለፈ እንጂ ወደ እኛ አልወጣም። ይህ ለምን እንደ ሆነ፥ በሌላም አገር ባቡርና ትንንሽ ከተሞች እንዴት እንደ ተዛመዱ ላጫውትዎ እወዳለሁ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ውል ለስዊሱ ተወላጅ ለሙሴ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሙሴ ኢልግም ከፈረንሳዊው ከሙሴ ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመና ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው አሳብ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር። ነገር ግን መሐንዲሶቹ ከቆላው ወደ ሐረር የሚያወጣውን ተራራ ባዩ ጊዜ ሒሳቡ አላዋጣቸውም። ስለዚህ ሐዲዱን በተራራው ግርጌ ዘረጉት፤ ባቡሩም በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. በደረሰበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ከዚያ ወዲያ የኩባንያው ገንዘብ አለቀ፤ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። መንገዱ በጠቅላላው 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ሐረርን ያስቀረ ተራራ ጨርጨርንም አስቀረ።

እንግዲህ ይህ ባቡር የተሠራው ሁለት ጫፎችን፥ ወደቡንና ዋና ከተማውን ለማገናኘት ነው። በመካከል ያለው ሰው በውሉ ውስጥ ብዙም አልታሰበም። ነገር ግን የእንፋሎት ባቡር ውሃ ሳይጠጣ ሩቅ አይሄድም። በየተወሰነው ርቀት ቆሞ ውሃ መቅዳት፥ ማገዶውንም መሙላት ነበረበት። ሁርሶ፥ ኤረር፥ ጎታ፥ አፍደም፥ ሚኤሶ፥ አሰቦት እያልን ስማቸውን የምንጠራቸው የባቡር ከተሞች ዕድላቸውን ያገኙት ከዚህ ነው። ባቡሩ ስለ ጠማው ቆመ፤ ስለ ቆመ መንገደኛው ራበው፤ መንገደኛው ስለ ራበው ሴቶች ሻይና የተቀቀለ እንቁላል፥ ወተትና ብርቱካን ይዘው ወደ መስኮቱ መጡ። ከዚያም ሱቅ ተከፈተ፥ ጣቢያ ጠባቂው ቤት ሠራ፥ ልጆቹን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ፈለገ። ከተማ ማለት እንዲህ እየሆነ ነው የሚበቅለው።

ለጨርጨር ሰው በሩ ሚኤሶ ነበረች። የደጋው ቡና ቁልቁል ወርዶ በዚያ ፉርጎ ላይ ይጫናል፤ ጨርቁ፥ ጨዉና ጋዙ ደግሞ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። በ1910ዎቹ ዓ.ም. በሩሲያና በፈረንሳይ የተማሩት ፊታውራሪ (ኋላ በጅሮንድ) ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲገዙ አገሩ ለሌሎቹ አርአያ እንዲሆን ተብሎ አዲስ ዓይነት አስተዳደር ተሞከረበት፤ ዋና ከተማውም አሰበ ተፈሪ ተባለ፤ ዛሬ ጭሮ የምንለው ነው። አዲሱ ሥራ የተሞከረው ባቡሩ በሚሰማበት አገር መሆኑ በአጋጣሚ ነው ለማለት ያስቸግረኛል።

ከሚኤሶ እስከ ጭሮ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ቁጥር ልብ ይበሉልኝ፤ አሁን ወደ ጃፓን ልወስድዎ ነውና።

ኦሳካ በተባለው በትልቁ የጃፓን የንግድ ከተማ አጠገብ ርዝመቱ 24 ኪሎ ሜትር ተኩል የሆነ የባቡር መንገድ አለ። ከኦሳካ ኡመዳ ጣቢያ ተነሥቶ ታካራዙካ ይደርሳል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሲሆን በዚህች አጭር መንገድ ላይ 19 ጣቢያዎች አሉት። ሥራ የጀመረው በ1902 ዓ.ም. ነው፤ የኛ ባቡር ድሬዳዋ ላይ ገንዘብ አጥቶ ከቆመ በኋላ ወደ አዋሽ ጕዞውን ሊቀጥል በተሰናዳበት ዘመን ማለት ነው። ደግሞም የሚያስገርም ነገር አለ። የኩባንያው ስም «ሚኖ አሪማ የኤሌክትሪክ ባቡር» ነበር፤ አሪማ በተራራ ላይ ያለች የታወቀች የፍል ውሃ ከተማ ናት። ግን ባቡሩ አሪማ አልገባም። ተራራው አስቸገረና እንደ ድሬዳዋ በግርጌው፥ ታካራዙካ በምትባል ትንሽ መንደር ቀረ። የአሪማ ባቡር አሪማ ሳይደርስ፥ የሐረር ባቡርም ሐረር ሳይደርስ ቀሩ።

የኩባንያው መሪ ኮባያሺ ኢቺዞ የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው አስቀድሞ የባንክ ጸሐፊ ነበር፤ በተማሪነቱም ደራሲ መሆን ይመኝ ነበር ይባላል። (በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሥር ልብ ወለድ የሚያነቡ ወጣቶች ተስፋ አይቍረጡ።) የተረከበው ባቡር በሁለቱም ጫፍ ችግር ነበረበት። ኦሳካ ሰው ሞልቶባታል፤ በታካራዙካ በኩል ግን ያለው የሩዝ ማሳና ጥቂት መንደር ነው። በማሳ መካከል የሚሄድ ባቡር ማን ይሳፈርበታል?

ኮባያሺ መንገደኛ እስኪመጣ አልጠበቀም። ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት በሚያልፍበት አገር መሬት በርካሽ ገዛ። ባቡሩ በጀመረበት ዓመት ኢከዳ በምትባል ጣቢያ አጠገብ አትክልት ቦታ ያላቸውን ቤቶች ሠርቶ ለሽያጭ አቀረበ። ገዢው ባለጠጋ አልነበረም፤ በኦሳካ መሥሪያ ቤት በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ነው። ከዋጋው ጥቂቱን አስቀድሞ ይከፍላል፤ የቀረውን በ10 ዓመት ውስጥ በየወሩ ይከፍላል። ጠዋት በባቡር ሥራ ይገባል፥ ማታ በባቡር ቤቱ ይመለሳል። የቤቱም የቲኬቱም ገንዘብ የሚገባው ለአንዱ ኩባንያ ነው።

ነገር ግን ጠዋት ወደ ከተማ ሞልቶ የሄደ ባቡር ሲመለስ ባዶውን ነው። እሑድስ ማን ይሄድበታል? ለዚህ ደግሞ በመጨረሻው ጣቢያ በታካራዙካ የፍል ውሃ መታጠቢያና መዝናኛ ከፈተ፤ በ1906 ዓ.ም. ተዋናዮቹ ሁሉ ልጃገረዶች የሆኑበት ቴያትር ለሕዝብ አሳየ። ያ ቴያትር ዛሬም በመላው ጃፓን የታወቀ ነው። በሌላው ጫፍ በኡመዳ ጣቢያ ላይ በ1921 ዓ.ም. ብዙ ፎቅ ያለው ትልቅ የሸቀጥ መደብር አቆመ። እንዲህ ሆኖ ባቡሩ በሁለቱም አቅጣጫ፥ በሥራም በበዓልም ቀን ሞላ። የቶኪዮ ኩባንያዎችም ይህንኑ ዘዴ ተከተሉ፤ ኮባያሺ የመሠረተው ኩባንያ ዛሬ ሃንኪዩ ይባላል።

ሁሉ ነገር አማረ ለማለት አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በትልልቆቹ የጃፓን ከተሞች ባቡሮች ከመሙላታቸው የተነሣ ነጭ ጓንት ያደረጉ ሰዎች መንገደኛውን ከበስተኋላው እየገፉ ወደ ውስጥ የሚያስገቡበት ጊዜ መጣ። ልጁ ሳይነቃ ወጥቶ ልጁ ከተኛ በኋላ የሚገባ አባትም በዝቷል። የሆነ ሆኖ ያ የኦሳካ ጸሐፊ ለኛ ጸሐፊ የሌለው አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም ሰዓት ነው። ባቡሩ ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚመጣ ያውቃል።

በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ ባቡር የሚቀርበው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ከሂርና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ ልጆች ያውቁታል። አንዱ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ፥ ሁለተኛው ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄድ ሲሆን ሁለቱ ተደምረው 39 ጣቢያዎች አሏቸው። ሲከፈት ሕዝቡ በደስታ ነው የተቀበለው፤ ግፊያውም ወዲያው ጀመረ። ኋላ ግን መለዋወጫ ዕቃ እየጠፋ ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። በአያት በኩል ስንትና ስንት ሺህ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ተሠርተዋል፤ የቤቶቹ ሽያጭ ግን ለባቡሩ አንድ ቡሎን አልገዛለትም። ኮባያሺ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር እላለሁ።

ወደ ቆላችን ልመለስ። አሮጌው ባቡር እያረጀ ሄደ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮቹ ፈረሱ፤ በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ በደረሰው አደጋ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ቀስ በቀስም ጕዞው ከዚህ አገር ቀረ። በቦታው የመጣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ለኛ የሚቀርበን ነገር ቢኖር ሚኤሶ የሁለቱ የቻይና ኩባንያዎች ሥራ መገናኛ መሆንዋ ነው፤ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ አንዱ፥ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ሌላው ሠራው።

አዲሱ ባቡር ውሃ አይጠማውም። ስለዚህ መቆም የለበትም። ትልቁ ሥራው ኮንቴይነር ማመላለስ ነው። የድሬዳዋ አሮጌ ጣቢያ በከተማው መካከል፥ ከከዚራ ዛፎች አጠገብ ነው፤ አዲሱ ጣቢያ ግን ከከተማው ውጭ ነው። በአዲስ አበባም ለገሃርን ትቶ ለቡ ዳር ቆመ። ለመሐንዲሱ ይህ ትክክል ነው፤ መሬቱ ሰፊ ነው፥ ቤት ማፍረስም የለበትም። ለመንገደኛው ግን ከባቡሩ ወርዶ ሌላ ጕዞ መጀመር ማለት ነው።

«እኛንስ ምን አገባን? ከተራራ ላይ ነን» የሚል ሰው ይኖራል። ተራራው የሚባለውን ያህል እንዳልሆነ ሒሳቡን እንሥራ። ሚኤሶና ጭሮ በከፍታ የሚበላለጡት 500 ሜትር ገደማ ነው። ይህን በ25 ኪሎ ሜትር ብናካፍለው በየሺው ሜትር 20 ሜትር መውጣት ይሆናል። በጃፓን ሃኮኔ በሚባል ተራራ ላይ ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ በየሺው ሜትር እስከ 80 ሜትር የሚወጣ ባቡር አለ። እርግጥ አማካይ ቁጥር ገደልና ጥምዝምዙን አያሳይም፤ ቢሆንም ባቡር ወደ ጨርጨር ያልወጣው ስለማይችል አይደለም፤ ለሚያወጣው ሰው ስላላዋጣው ነው።

ነገ ሐዲድ ይዘርጋልን ብዬ ለመጻፍ ግን አልደፍርም፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ያለ ሐዲድም የሚገኘውን እናስብ። በሂርና የሚሠራ ወጣት ጸሐፊ ለአንድ ማኅተም ወደ ዞኑ መሥሪያ ቤት፥ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጭሮ ሲሄድ ሚኒባሱ በሰዓት አይነሣም፤ ሲሞላ ነው የሚነሣው። እርሱም መናኸሪያ ተቀምጦ ሰው ይቈጥራል። አሥራ አንደኛው ሰው ሲመጣ አንዱ ተሰላችቶ ይወርዳል። ጭሮ ሲደርስ ማኅተም ያዡ ለምሳ ወጥቷል። በዚህ ዓይነት በዓመት ውስጥ የሚባክነውን የሥራ ቀን አንድ የሒሳብ ተማሪ ቢያሰላው መልካም ነው። ሚኤሶ ወርዶ ባቡር ለመያዝ የሚያስብ ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጠብቃል።

በሚታወቅ ሰዓት ከሂርና ተነሥቶ፥ ሞላም ጐደለም፥ በጭሮ በኩል አልፎ የመንገደኛው ባቡር ሚኤሶ በሚቆምበት ሰዓት የሚደርስ አንድ አውቶቡስ ለመመደብ ሐዲድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የባቡሩና የመናኸሪያው ሹማምንት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ሰዓት መስማማታቸው፥ ሰዓቱንም በወረቀት ጽፈው በየመናኸሪያው ግድግዳ መለጠፋቸው ነው። አውቶቡሱ በመጀመሪያው ወር በግማሹ ባዶ ሊሄድ ይችላል፤ ኪሳራውንም የሚሸከም መሥሪያ ቤት ያስፈልገዋል። የኢከዳ ቤቶችም ከሰው በፊት ነበር የተሠሩት።

ኮባያሺ ይህን ሥራ ከመጀመሩ በፊት፥ ሰዎች ኩባንያው ገና ሳይወለድ ይሞታል እያሉ ሲያሙት፥ ሐዲዱ ሊያልፍበት የታሰበውን አገር ከኢከዳ እስከ ኦሳካ ሁለት ጊዜ ያህል በእግሩ ሄደበት። በመንገዱ ላይ ባቡር አልነበረም፤ ማሳና ኮረብታ፥ ንጹሕም ውሃ ነበር። ቤት ለመሥራት የሚስማማው የትኛው ቦታ እንደ ሆነ እየተመለከተ፥ የመሬቱንም ዋጋ እያሰላ ሄደ።