«ካላጠፋሁ ምን አገባኝ?»

የአሻራ መርማሪዎች እስከ ዛሬ ከአእምሯቸው የማያወጡት ፋይል የብራንደን ሜይፊልድ ነው። በመጋቢት 2004 እ.ኤ.አ. የማድሪድ ባቡሮች ፈንድተው ከ190 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ የስፔን ፖሊስ ፈንጂ ማቀጣጠያ ከተያዘበት ፌስታል ላይ አሻራ አነሳ። የኤፍ.ቢ.አይ. ኮምፒውተር ሃያ ተቀራራቢ አሻራዎችን ዘረዘረ፤ አራተኛው በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ጠበቃ የሆነው የሜይፊልድ ነበር። የመጀመሪያው መርማሪ «የሱ ነው» አለ፤ የእሱን ድምዳሜ እያወቁ ያጣሩትም ተስማሙ። ስፔኖች አይመሳሰልም ቢሉም ሰውየው ሁለት ሳምንት ታሰረ። አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ ሆኖ ሲገኝ የአሜሪካ መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ 2 ሚሊዮን ዶላር ካሠው።

ሜይፊልድ በማድሪዱ ፍንዳታ ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ አሻራው ግን አስቀድሞ መዝገብ ውስጥ ነበር።

ይሁንና የፖሊስ አሻራ መዝገብ በጀት ለድምፅ ሲቀርብ ባለሙያውን የሚያታክተው መልስ ያው ነው፦ «ካላጠፋሁ ምን አገባኝ?» ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሲያትል አካባቢ፣ የኪንግ ካውንቲ ነዋሪ ከ1986 ጀምሮ ለዚህ መዝገብ የንብረት ግብር በድምፁ ሲያጸድቅ ኖሯል። በ2018 የጸደቀው ከ1,000 ዶላር የንብረት ግምት 3.5 ሳንቲም ነበር። ጥቅሙም እውነተኛ ነው፦ ስሙን የቀየረ ተፈላጊ ይያዛል፣ ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን ለቤተሰቡ ይደርሳል፣ የቆየ ግድያ ይፈታል።

ክርክሩ ሳንቲሙ ላይ ሲቆም ግን ዋናው ነገር ይረሳል፦ የማን አሻራ ይቀመጣል? እስከ መቼ? ሌላስ ማን ያየዋል? ከ2008 ጀምሮ በተዘረጋ አሠራር በእስር ቤት የተነሳ አሻራ በኤፍ.ቢ.አይ. በኩል ወደ ኢሚግሬሽን ይሻገራል። የጥገኝነት ጉዳዩ ላልተቋጨ ሰው ይህ የኑሮው ጉዳይ ነው። በዚያው ዓመት የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት፣ ብሪታንያ ያልተፈረደባቸውን ሰዎች አሻራ ያለገደብ ማስቀመጧ የግል ሕይወት መብትን ይጥሳል ሲል ወሰነ። አቤቱታውን ካቀረቡት አንዱ ሲያዝ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። በ2015 ደግሞ ከአሜሪካ ፌዴራል የሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ 5.6 ሚሊዮን ሰዎች አሻራ መሰረቁ ታወቀ። የይለፍ ቃል የተሰረቀበት ሌላ ያወጣል፤ ጣት ግን አይለወጥም።

ስለዚህ መራጩ ድምፁን ከመስጠቱ በፊት የምክር ቤት ተወካዩን አጥብቆ ሊጠይቅ ይገባል። ክሱ የተዘጋለት ሰው አሻራ በስንት ቀን ይሰረዛል? መዝገቡን የከፈተ መሥሪያ ቤት ሁሉ ስሙ ይመዘገባል ወይ? በጀቱ የመጀመሪያውን ድምዳሜ ሳያይ ለሚያመሳክር ሁለተኛ መርማሪ ደመወዝ ይዟል ወይስ ለአዲስ ማሽን ብቻ?